ቱታ፣ የውሃ ተራና የሰሜን ሸዋ ቆላ ቲማቲም

ከጣርማበር ዋሻ በታች ያለው ሰሜን ሸዋ ከላይኛው የተለየ አገር ነው። ገብስና ድንች የሚበቅልበት ብርዳማ ደጋ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ደብረ ሲና ታልፎ፣ መንገዱ ወደ ቀወት ወረዳ ሲወርድ ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመረትበት ሞቃት ሜዳ ይጀምራል። ከምዕራቡ ተራራ የሚነሡት የሮቢ፣ የጀውሃና የአታዬ ወንዞች ይህን ሜዳ አቋርጠው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ዝናብ ሲያቆም ውሃቸውን በቦይ ጠልፎ አትክልት ያለማል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ምርቷ በአንድ በኩል ለአዲስ አበባ፣ በሌላ በኩል ለኮምቦልቻና ለደሴ ገበያ ይደርሳል። አንድ ሄክታር እንኳ የማይሞላ መሬት ላለው ቤተሰብ የቲማቲም ማሳ የዓመት ልብስ፣ የልጆች ትምህርት ወጪና የዕዳ መክፈያ ነው። ያንን ማሳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወላፈን የለበለበው አስመስሎ የሚያደርቅ ተባይ ከመጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እስካሁን የተሰጠው ዋና መልስ ግን እያንዳንዱ ገበሬ በየማሳው፣ በየራሱ ቀን፣ በገዛ ገንዘቡ የሚረጨው ኬሚካል ብቻ ነው። ይህ መልስ ለምን እንደማይበቃ የሚገባን የተባዩን የሕይወት ዑደት ከእንቁላሉ ጀምረን ስንከታተል ነው።

ተባይዋ ባለሙያውም ገበሬውም በአጭሩ «ቱታ» የሚላት፣ ሙሉ ስሟ ቱታ አብሶሉታ የሆነ፣ እጅግ ትንሽ የእሳት እራት ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፔሩ በተገኘ ናሙና ላይ ተመሥርቶ በሳይንስ የገለጻት እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ሜይሪክ ሲሆን ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1917 ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የደቡብ አሜሪካ የቲማቲም አምራቾች ችግር ሆና ቆየች። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ስፔን ውስጥ ተገኘች፤ በ2008 አልጄሪያ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ ገባች፤ በ2012 በኢትዮጵያ መኖሯ ታወቀ፤ በ2014 ኬንያ ደረሰች። በ2016 ደግሞ የናይጄሪያዋ ካዱና ግዛት ቱታ በቲማቲም ላይ ባደረሰችው ጥፋት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሳለች። እንዲህ ያለውን ርቀት በዚህ ፍጥነት ያቋረጠችው በክንፏ ብቻ አይደለም። በፍሬ ውስጥ የተደበቀ ትል፣ በማሸጊያ ሣጥን ስንጥቅ ውስጥ የተጣበቀ ሙሽሬ (ትሉ ወደ እራትነት ከመለወጡ በፊት ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበት ደረጃ) እና እንቁላል የተጣለበት ችግኝ በመኪና ተጭነው ተጉዘዋል። የሸዋ ሮቢትን ቲማቲም ለገበያ ያበቃው አስፋልት ለቱታም መንገድ ነው፤ ገበያ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ የእንጨት ሣጥንም ሳይታጠብና ሳይራገፍ ማሳ ዳር መከመር የሌለበት ስለዚህ ነው።

ጉልምሷ የእሳት እራት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ትረዝማለች። ክንፏ ወደ ግራጫ የሚያደላ ቡናማ ሆኖ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት። ቀን ቀን በቅጠሎች መካከል ተሸሽጋ ትውላለች፤ የምትበረውም፣ የምትራከበውም፣ እንቁላል የምትጥለውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ በማሳው ውስጥ ሲኮተኩትና ውሃ ሲመራ የሚውል ገበሬ እንኳ ጉልምሷን ላያያት ይችላል። አንዲት ሴት በዕድሜዋ እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉን የምትጥለው ከመጀመሪያው ርክቢያ በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ነው። እንቁላሎቹን በአንድ ቦታ አትከምራቸውም፤ በአብዛኛው በቅጠል ላይ፣ ከፊሉንም በግንድና በቅጠል ጅማት ላይ እየበተነች ታስቀምጣለች። እያንዳንዱ እንቁላል ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ቀለሙም ከነጭ ወደ ቢጫ ያደላል። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በስተቀር በቅጠሉ ጠጉር መካከል ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

እንቁላሉ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ፣ ማለትም ትሉ፣ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሲሆን፣ በቅጠሉ ላይ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ አንድ ቦታ መርጦ ይቦረቡርና በላይኛውና በታችኛው የቅጠል ቆዳ መካከል ወዳለው ለስላሳ አረንጓዴ ሥጋ ይገባል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ቤቱም ቀለቡም ያው ቅጠል ነው። ሁለቱን ቆዳዎች ሳይነካ መሐሉን እየበላ ሲሄድ መጀመሪያ ቀጭን መስመር፣ ቀጥሎም እየሰፋ የሚሄድ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጣ ያለ ሽፋን ይተዋል። ቆዳውን እየቀየረ አራት የዕድገት ደረጃዎችን ሲያልፍ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ መጨረሻ ላይ ወደ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ቀለሙም ከአረንጓዴ ወደ ቀላ ያለ ሮዝ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዳንዴ የመጀመሪያውን ዋሻ ትቶ ይወጣና ሌላ ቅጠል፣ ለጋ ቀንበጥ ወይም ፍሬ ይበሳል። ፍሬውን ብዙ ጊዜ የሚገባበት በአናቱ በኩል፣ ከአረንጓዴው የቅጠል አክሊል ሥር ነው፤ ገዥ ላያየው ይችላል፤ ነገር ግን በቀዳዳው ሻጋታና ባክቴሪያ ተከትለው ስለሚገቡ ፍሬው ገበያ ሳይደርስ ይበሰብሳል።

እጩ ጠግቦ ሲጨርስ በሐር መሰል ክር ተንጠልጥሎ ወደ መሬት ይወርድና በአፈሩ ገጽ አጠገብ ሙሽሬ ይሆናል፤ አንዳንዱም እዚያው በተጠቀለለ ቅጠል ወይም በዋሻው ውስጥ ይቀራል። ከ9 እስከ 11 ቀን በሙሽሬነት ቆይቶ ጉልምስ ሆኖ ይወጣል። ወንዱ አንድ ሳምንት፣ ሴቷ ከ10 እስከ 15 ቀን ያህል ይኖራሉ። ምግብ እስካለ ድረስም እጩ ዕድገቱን አቁሞ የሚተኛበት ወቅት የለም። የበሬ እረፍት፣ የመሬት እረፍት፣ የገበሬ በዓል አለ፤ ቱታ ግን ቲማቲም ባለበት ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ትራባለች። በተመቸ ሁኔታ በዓመት ከ10 እስከ 12 ትውልድ ልትፈራርቅ እንደምትችል የተመዘገበውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዑደቱን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት ነው። ይህ ነጥብ ለሰሜን ሸዋ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በተደረጉ ልኬቶች ከእንቁላል እስከ ጉልምስ ያለው ጊዜ በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 76 ቀን፣ በ20 ዲግሪ ገደማ 40 ቀን፣ በ27 ዲግሪ ደግሞ 24 ቀን ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በጥቂት ሰዓታት የመኪና መንገድ ልዩነት፣ ያው ነፍሳት በሦስት እጥፍ የሚለያይ ፍጥነት አላት ማለት ነው። በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በመንዝ ደጋ ድንች የሚያለማ ገበሬ ቱታን እምብዛም የማይፈራት ብርዱ ስለሚይዝለት ነው፤ ድንች ለእርሷ የሚበላ ተክል መሆኑ ግን አይዘነጋ። በቀወት ሜዳ አንድ ትውልድ የሚፈጀው አንድ ወር ገደማ ነው። ችግኝ ከተዛወረበት ቀን እስከ መጨረሻው ለቀማ ቲማቲም ሦስትና አራት ወር ማሳ ላይ ስለሚቆይ፣ በአንድ ምርት ዘመን ሦስት ወይም አራት ትውልድ ይፈራረቃል። ከ260 እንቁላል ውስጥ 20 ብቻ ለጉልምስነት በቁ፣ ግማሾቹም ሴቶች ሆኑ ብለን ብንገምት፣ በመትከያው ሳምንት የገባች አንዲት እራት በሦስተኛው ትውልድ 1000 ሴቶች ትሆናለች። ገበሬው «ትናንት ደህና የነበረ ማሳ ዛሬ ነደደ» የሚለው ትክክለኛ ምልከታ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ሳይታዩ ያልፉና ሦስተኛው በአንድ ጊዜ ይገለጣል። ካልተከላከሉት ጥፋቱ ከ80 በመቶ እስከ ሙሉ በሙሉ ሊደርስ እንደሚችል ከብዙ አገሮች ተዘግቧል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ቅጠሉን ምች መታው ብሎ ያስባል፤ የሻጋታ መድኃኒት ገዝቶ የሚረጭም አለ። መለየቱ ከባድ አይደለም። የነጣውን ቅጠል ወደ ፀሐይ አንሥቶ ማየት ይበቃል፦ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ባዶ ቦታ፣ በአንድ ጥግ የተጠራቀመ ጥቁር ኩስ፣ ብዙ ጊዜም ከራሱ በስተጀርባ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ያለው ትል ከታየ ቱታ ናት። ቀጭን፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘና እስከ መጨረሻው ጠባብ ሆኖ የሚቀር መስመር ከሆነ ግን የቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ሥራ ነው፤ የዝንቡ ጉዳት ከቱታ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሁን ወደ መርጫው እንምጣ። በገጽ ላይ የሚቀር ኬሚካል የሚገድለው የነካውን ነው። እጩ ግን ከተፈለፈለበት አጭር ጊዜና ከአንዱ ዋሻ ወደ ሌላው ከሚሻገርበት ጊዜ በስተቀር ዕድሜውን የሚፈጀው በቅጠል ቆዳ ተሸፍኖ ነው። ሙሽሬው አፈር ውስጥ ነው። ጉልምሷ ቀን ላይ ተደብቃለች። በዚህ ላይ ከሁለተኛው ትውልድ ወዲህ ትውልዶቹ ስለሚደራረቡ በአንድ ማሳ ውስጥ በአንድ ቀን እንቁላልም፣ እጭም፣ ሙሽሬም፣ ጉልምስም ይገኛሉ፤ ስለዚህ አንድ ርጭት ምንጊዜም የሚያገኘው ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። ቀሪዎቹ በሳምንት ውስጥ ማሳውን መልሰው ይሞሉታል። ገበሬው መድኃኒቱ ደካማ የሆነ ይመስለውና መጠኑን ይጨምራል፤ ሁለት ሦስቱን ይቀላቅላል፤ የርጭቱን ቀን ያቀራርባል። ይህን ማድረጉ ከድንቁርና የመጣ ተደርጎ ሲነገር መስማት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ዕዳ ገብቶ የተከለውን ማሳ ለማዳን እጁ ላይ ያለው መሣሪያ ያ ብቻ ነው።

ውጤቱ ግን ተባይዋን ማጠንከር ነው። በርጭቱ የሚተርፉት መድኃኒቱን የሚችሉት ስለሆኑ የሚወልዱትም እነርሱ ናቸው፤ በየወሩ አዲስ ትውልድ ለሚተካ ፍጥረት ይህ ምርጫ በጥቂት ዓመታት ይጠናቀቃል። በደቡብ አሜሪካ ቱታ የቆዩትን የኦርጋኖፎስፌትና የፓይሬትሮይድ መድኃኒቶች ተላምዳለች፤ በብራዚል ስፒኖሳድን፣ በጣሊያንና በግሪክ ደግሞ ክሎራንትራኒሊፕሮል የተባለውን አዲስ መድኃኒት የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ወደ አፍሪካ የመጣችው ይህን ታሪክ ይዛ ነው። በገበያ ላይ ስማቸው የሚለያይ፣ ቀለማቸውና ጠርሙሳቸው የማይመሳሰል ሁለት መድኃኒቶች ውስጣቸው አንድ ሊሆን ስለሚችል፣ ስም መቀየር መድኃኒት መቀየር አይደለም። በብዙዎቹ መለያ ወረቀት ላይ መድኃኒቱ ተባይን የሚገድልበትን መንገድ የሚያመለክት የቡድን ቁጥር ይጻፋል፦ ክሎራንትራኒሊፕሮል 28፣ ስፒኖሳድ 5፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪን 3፣ ፕሮፌኖፎስ 1። ትክክለኛው ማፈራረቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ፣ ማለትም በ30 ቀን ገደማ ውስጥ ከአንድ ቡድን ብቻ መጠቀምና ለሚቀጥለው ትውልድ ፈጽሞ ሌላ ቡድን ማንሣት ነው። ሁሉንም በአንድ በርሜል መቀላቀል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማበላሸት ይሆናል። ከርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለበት የቀን ብዛትም መለያው ላይ ተጽፎ ሳለ፣ በየአራትና በየአምስት ቀኑ የሚረጭ ማሳ ያንን ጊዜ ሊያከብር አይችልም፤ ቀሪውን ኬሚካል የሚበላው የከተማው ሰው፣ ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል የሚተነፍሰው ደግሞ ራሱ ገበሬው ነው።

የኔ ክርክር ወደዚህ ይመራል። እራቷ የምትበር ስለሆነች አጥርና ድንበር የላትም፤ በተከታታይ የሚተከሉ ማሳዎች ደግሞ ምግቧን ከወር ወር ያቀባብሉላታል። አንዱ ገበሬ በመስከረም፣ ጎረቤቱ በኅዳር፣ ሌላው በየካቲት ቢተክል፣ ያረጀው ማሳ ለለጋው የተባይ መፈልፈያ ይሆናል። ለቀማው ያበቃ ማሳ ወዲያው አይታረስም፤ ዋጋ የማያወጣው ትንንሽ ፍሬ፣ የደረቀው ግንድና የተጣለው የተበሳ ቲማቲም በቦይ ዳር እየተከመረ ለሳምንታት ይቆያል። ያ ክምር የሞተ ይመስላል እንጂ በውስጡ ብዙ እጭና ሙሽሬ አለ። ገበሬው አዲሱን ማሳውን ሲረጭ የሚዋጋው ከዚያ የሚመጣውን ነው።

ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው አካባቢው በሙሉ ቲማቲም የሌለበት አንድ ወቅት ነው። አሮጌው ሰብል ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አዲስ ቲማቲም እንዳይተከል በሌሎች አገሮች የተሰጠው ምክር ከዑደቱ ጋር ሲሰላ ትርጉም ይሰጣል፦ አፈር ውስጥ የቀረው ሙሽሬ በ11 ቀን ወጥቶ፣ ሴቷ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቁላል የምትጥልበት ተክል ሳታገኝ ትሞታለች፤ በተረፈ ቅጠል ላይ የጀመረ እጭም ምግቡ ደርቆ ያልቃል። እንዲህ ያለ ኅብረት እንደሚሠራ ማስረጃ አለ። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነጭ ዝንብ የምታስተላልፈው የቫይረስ በሽታ የቲማቲም እርሻን ሊያጠፋ በደረሰበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መንግሥት ነጭ ዝንብ የምትራባቸው ሰብሎች ለሦስት ወር እንዳይተከሉ ደንግጎ እርሻው አገግሟል። ተባዩ ሌላ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው፦ የተባዩን ምግብ በአንድ ጊዜ፣ በሁሉም ዘንድ ማቋረጥ።

በሰሜን ሸዋ ቆላ ለዚህ የሚመቸው ወቅት ክረምቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ዝናብ ራሱ እንቁላልና ትንንሽ እጮችን ያጥባል፤ አብዛኛው ገበሬም መሬቱን ለጤፍ፣ ለማሽላ ወይም ለማሾ ያውለዋል፤ እነዚህን ቱታ አትበላቸውም። አስቸጋሪው ጥያቄ በክረምት ቲማቲም የሚተክሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው። አቅርቦት ሲያንስ ዋጋ ስለሚወጣ ከሁሉም የተሻለ ትርፍ የሚያገኙት እነርሱ ናቸው፤ በሌሎቹ ላይ የሚመጣውን ተባይ ዓመቱን አሻግረው የሚያቆዩትም ሳይፈልጉ እነርሱ ናቸው። ይህን ሰው አቁም ማለት ገቢውን መንካት ስለሆነ በማስጠንቀቂያ ብቻ አይሳካም።

መፍትሔው እዚያው ቦይ ላይ ያለ ይመስለኛል። የመስኖ ገበሬ በዚህ አገር ፈጽሞ ብቻውን አርሶ አያውቅም፤ ውሃው የጋራ ስለሆነ ተራ አለው፣ ተራውን የሚያስከብሩ የውሃ አባቶች አሉ፣ ቦይ ለመጥረግ በአንድ ቀን የሚወጣ ጉልበት አለ፣ ተራ ያፈረሰ የሚቀጣበት ደንብ አለ። በአዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖራቸው ተደርጓል። ውሃን በሰዓት መደልደል የቻለ ማኅበር የመትከያ ጊዜን በሳምንት መደልደል አያቅተውም። በአንድ ቦይ የሚጠጡ ማሳዎች በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ክልል ውስጥ እንዲተክሉ፣ የመጨረሻው ለቀማ ባለቀ በሳምንት ውስጥ ግንዱ ተነቅሎ እንዲቀበር ወይም በላስቲክ ተሸፍኖ በፀሐይ እንዲበስል፣ ክረምቱንም ከቲማቲም እንዲያርፉ መስማማት ይቻላል። በክረምት ቲማቲሙን የተወ ገበሬ ደግሞ ዝናቡ ሲያቆም በውሃው ተራ ቅድሚያ ቢያገኝ፣ ቀድሞ ተክሎ ቀድሞ ገበያ ስለሚደርስ ያጣውን በከፊል ይመለስለታል። ይህ የራሴ ሐሳብ ነው፤ ዝርዝሩን ከእኔ ይልቅ የውሃ አባቶቹ ያውቁታል።

የጋራው ወቅት ሲኖር በየማሳው የሚደረገው ሁሉ ውጤቱ ይጨምራል። በመጀመሪያ የችግኝ መደብ በጥሩ መረብ መሸፈን አለበት፤ ከሌላ ወረዳ የሚገዛ ችግኝም ቅጠሉ በፀሐይ ሳይታይ ማሳ መግባት የለበትም። በማሳ ዳርና በቦይ አፋፍ የሚበቅሉት አውጥ፣ እምቧይና አስተናግር የቲማቲም ዘመዶች በመሆናቸው ለቱታ መጠለያ ይሆናሉ፤ ትምባሆ ለረጅም ጊዜ በለማባት ሸዋ ሮቢት ደግሞ ትምባሆም ከምግቦቿ አንዱ መሆኑ መታወቅ አለበት። ሴቷ ወንዱን የምትጠራበትን ሽታ የሚያስመስለው የፌሮሞን ወጥመድ፣ ጥቂት የሳሙና ዱቄት በተጨመረበት የውሃ ሳህን ላይ ተሰቅሎ፣ እራቷ መቼ እንደመጣች ይናገራል። ወጥመዱ የሚይዘው ወንዶችን ብቻ ስለሆነና የተረፈ አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚራከብ ብቻውን ማሳን አያድንም፤ ጥቅሙ የርጭቱን ቀን ከግምት ማውጣቱ ነው። ወንዶች በብዛት ሲያዙ እንቁላል በዚያው ሰሞን ይጣላል፤ ርጭት የሚጠቅመውም እጩ ወደ ቅጠል በሚገባበት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። በዚያ ሰሞን ከኒም ፍሬ የሚዘጋጀው ውህድ ወይም ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ በለጋ እጮች ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ባክቴሪያው በፀሐይ ስለሚዳከም ርጭቱ ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል።

ከዚህ በላይ ያለው የተመራማሪዎች ድርሻ ነው። ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፔሩ ያስመጣው፣ በቱታ እጭ ውስጥ እንቁላሉን ጥሎ የሚገድላት ጥገኛ ተርብ በኬንያ ማሳዎች ላይ ተለቅቋል። ተርቡ የሚኖረው ግን ጠንካራ ኬሚካል በየሳምንቱ በማይረጭበት ቦታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ርጭትን መቀነስ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቅድመ ሁኔታ ነው። የዞኑና የወረዳዎቹ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በበኩላቸው በየቦዩ ጥቂት ወጥመዶችን ሰቅለው የተያዘውን ብዛት በየሳምንቱ ለገበሬው ቢያሳውቁ፣ በአሁኑ ጊዜ ለተደጋጋሚ ርጭት ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው።

የዘንድሮው ስምምነት ግን ወጥመድም ተርብም እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የመስኖው ችግኝ የሚፈላው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ፣ መቼ እንደሚተከልና አሮጌው ግንድ እስከ መቼ እንደሚነቀል መወሰን ያለበት ከዚያ በፊት፣ ቦይ ለመጥረግ ቀን በሚቆረጥበትና የውሃ ተራ በሚደለደልበት በዚያው ስብሰባ ላይ ነው።